ዛየን ናሽናል ፓርክ በመኪና ለምትሄዱ፦ ሰዉ በበዛበት ሰሞንም ደስ ብሏችሁ የምትውሉበት ዝርዝር መመሪያ

ዛየን አሜሪካ፣ ዩታ ግዛት ውስጥ ያለ ፓርክ ነው፣ በዓመት ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ይገባበታል። ብዙ ሰው ይሄን ቁጥር ሲሰማ ወይ ሃሳቡን ይተወዋል፣ ወይ ደግሞ ዝም ብሎ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ይደርስና ፓርኪንግ ሲፈልግና ሻትል (የፓርኩን አውቶቡስ) ሲጠብቅ ውሎ «ያን ያህልም አይደለም» እያለ ይመለሳል። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ቦታው በእውነት ያን ያህል ነው፣ ፎቶ ራሱ አይገልጸውም። ቀይና ነጭ የአሸዋ ድንጋይ ግድግዳ በሁለቱም በኩል እስከ 600 ሜትር ሽቅብ ተነስቶ፣ መሃሉ ላይ ቨርጂን የምትባል ትንሽ ወንዝ፣ ከወንዟ ዳር ለምለም ዛፍ። ያን ሁሉ ሸለቆ ፈልፍላ ያወጣችው እሷ ናት ሲሏችሁ ለማመን ይከብዳል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይግባችሁ፣ ሌላው ምክር ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። ፓርኩ ሰፊ ነው፣ ወደ 600 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ ሰዉ ግን የሚታጨቀው አንድ ሸለቆ ውስጥ ነው፣ እዛ ውስጥ ያለው መንገድ ደግሞ 6 ማይል ገደማ ብቻ ነው፣ ያም ቢሆን የሚጨናነቀው ከረፋዱ ጀምሮ እስከ አመሻሹ ነው። ስለዚ ሸለቆውን በማለዳ ትይዙታላችሁ፣ ሰዉ ሲመጣ እናንተ ወደ ሌላው የፓርኩ ክፍል ትወጣላችሁ፣ ማታ ደግሞ ትመለሳላችሁ። በቃ ዘዴው ይሄ ነው።

(ሰዓት የጻፍኩት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እንዳትምታቱ።)

1ኛ፦ መቼ እንደምትሄዱ ወስኑ

ሰመር ላይ ትምህርት ስለሚዘጋ ሰው ይበዛል፣ ሙቀቱም ቀልድ አይደለም፣ ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። ከጁላይ አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር ደግሞ ድንገተኛ ጎርፍ የሚያመጣው የነጎድጓድ ዝናብ ወቅት ነው፣ እሱን ታች በደንብ እመለስበታለሁ። ስፕሪንግ ላይ አየሩ ደስ ይላል፣ ፏፏቴዎቹ ይወርዳሉ፣ ግን በረዶ እየቀለጠ ወንዙ ስለሚሞላ ዘ ናሮውስ የሚባለው የወንዝ ውስጥ ጉዞ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ይዘጋል። የኔ ምርጫ ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ነው፣ ሸለቆው ውስጥ ያሉት ዛፎች ቢጫ ይሆናሉ፣ ሙቀቱ በረድ ይላል፣ ወንዙም አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ብሎ ይቆያል። ሰው አይጠፋም፣ እሱን ከወዲሁ ተቀበሉት። ከቻላችሁ ብቻ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ቀን አድርጉት። ዊንተር ላይ ሻትሉ ስለሚቆም በራሳችሁ መኪና ሸለቆው ውስጥ መንዳት ትችላላችሁ፣ ለእርጋታ አሪፍ ነው፣ ግን ጥላ ያለበት ትሬል (የእግር መንገድ) ላይ በረዶ ይጋገራል፣ እንዳያንሸራትት ጫማ ላይ የሚታሰረውን የበረዶ ሹል ሳታደርጉ አትውጡ።

2ኛ፦ መግቢያውን አስቀድማችሁ ጨርሱ

ለአንድ መኪና 35 ዶላር ነው፣ ለ7 ቀን ያገለግላል፣ እንደፈለጋችሁ ትወጣላችሁ ትገባላችሁ። ሮድ ትሪፑ ላይ ብራይስ ካንየንና ግራንድ ካንየንን የምትጨምሩ ከሆነ ግን ለሁሉም የአሜሪካ ናሽናል ፓርኮች የሚሠራውን የዓመት ፓስ በ80 ዶላር ግዙ፣ ሦስት ፓርክ ከገባችሁበት ተርፏችኋል። ከ2026 ጃንዋሪ ጀምሮ የመጣ ለውጥ አለ፣ አሜሪካ ነዋሪ ያልሆነ 16 ዓመትና ከዛ በላይ የሆነ ሰው ዛየንን ጨምሮ 11 ፓርኮች ላይ ከመግቢያው ሌላ 100 ዶላር ተጨማሪ ይከፍላል፣ ለነዋሪ ያልሆኑ የሚሸጠው የዓመት ፓስም 250 ዶላር ሆኗል። ስለዚ ከአገር ቤት እንግዳ መጥቶላችሁ ይዛችሁት የምትሄዱ ከሆነ በሩ ላይ ደርሳችሁ ከምትደነግጡ የፓርኩን ዌብሳይት ቀድማችሁ እዩና አስሉት። መታወቂያ ያዙ፣ ካርድም ያዙ፣ ጥሬ ገንዘብ ብቻ ይዞ መሄድ አይመከርም።

3ኛ፦ ኤንጅልስ ላንዲንግ የምትፈልጉ ከሆነ ሎተሪ አለ

ያቺን በሰንሰለት ተይዞ የሚወጣባትን ቀጭን የድንጋይ ጫፍ ቪዲዮ ላይ ሳታዩት አትቀሩም። ከኤፕሪል 1 ቀን 2022 ጀምሮ ያለ ፐርሚት መውጣት አይቻልም፣ ምክንያቱም ሰዉ በዝቶ ሰንሰለቱ ላይ መተላለፍ ሁሉ አስቸጋሪ ሆኖ ነበር፣ ባለፉት ዓመታት ወድቀው የሞቱ ሰዎችም አሉ። ሎተሪው ሬክሪኤሽን ዶት ጎቭ ላይ ነው የሚሞላው፣ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የወቅት ሎተሪ ነው፣ ጉዞው ከመድረሱ ወራት ቀድማችሁ ትሞላላችሁ። ሌላው የዋዜማ ሎተሪ ነው፣ ልትወጡ ካሰባችሁበት ቀን በፊት ባለው ቀን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ ከሰዓት 3 ሰዓት ትሞላላችሁ፣ ውጤቱ 4 ሰዓት ላይ በኢሜይል ይመጣል። ማመልከቻው 6 ዶላር ነው፣ ደረሳችሁም አልደረሳችሁም አይመለስም፣ በአንድ ማመልከቻ እስከ 6 ሰው ማስገባት ይቻላል፣ ከደረሳችሁ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሰው 3 ዶላር ይጨመራል። ስለዚ ቡድን ከሆናችሁ አንድ ሰው ብቻ ለሁሉም ይሙላ ብላችሁ አትቀመጡ፣ እያንዳንዳችሁ ለየብቻ ሙሉ፣ ዕድላችሁ ይሰፋል።

ካልደረሳችሁ አትዘኑ፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ፐርሚቱ የሚያስፈልገው ስካውት ሉክአውት ከሚባለው ማያ ቦታ በላይ ላለው የሰንሰለት ክፍል ብቻ ነው። እስከ ስካውት ሉክአውት ድረስ ማንም ይወጣል፣ ዋልተርስ ዊግልስ የሚባሉትን 21 ጥምዝምዝ መታጠፊያዎችም ታገኟቸዋላችሁ (በ1926 የተሠሩ ናቸው፣ ስማቸው የመጣው ከፓርኩ የመጀመሪያ ሱፐርኢንተንደንት ከዋልተር ሩሽ ነው)፣ እይታውም እንዲሁ ልብ የሚያስደነግጥ ነው። ከፍታ ለሚፈሩ ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስካውት ላይ ቁሙና ሰንሰለቱን በዓይናችሁ እዩት፣ እግራችሁ እምቢ ካለ ተመለሱ። ሙሉው ጉዞ ደርሶ መልስ 5.4 ማይል ነው፣ ወደ 450 ሜትር ሽቅብ ነው፣ ድንጋዩ ዝናብ የነካው ከሆነ ፐርሚት ቢኖራችሁም ባትወጡት ይሻላል። ትንንሽ ልጆችን ወደ ሰንሰለቱ አትውሰዱ፣ ይሄን ደግሜ ደጋግሜ ነው የምለው።

4ኛ፦ መንገዱ

አብዛኛው ሰው ከላስቬጋስ ነው የሚነሳው፣ ወደ 160 ማይል ነው፣ ሳትቆሙ ከሄዳችሁ 2 ሰዓት ተኩል ከዛ ትንሽ ከፍ ይላል። ኢንተርስቴት 15ን ይዛችሁ ወደ ሰሜን ትወጣላችሁ፣ በአሪዞና ጥግ በኩል ያልፋል፣ እዛ ጋ መንገዱ የቨርጂን ወንዝ ገደል ውስጥ እየተጠማዘዘ ነው የሚሄደው፣ በጣም ያምራል ግን ሹፌሩ ዓይኑን መንገዱ ላይ ያድርግ። ከዛ ሴንት ጆርጅን አልፋችሁ በኤክዚት 16 ወጥታችሁ መንገድ 9ን ትይዛላችሁ፣ ስፕሪንግዴል ድረስ ያደርሳችኋል። ነዳጅና አስቤዛ ሴንት ጆርጅ ወይም ሃሪኬን ላይ ጨርሱ፣ ፓርኩ በር ላይ ያለችው ስፕሪንግዴል ትንሽ ከተማ ናት።

አንድ ነገር እዚህ ጋ ልብ በሉ፣ ዩታ ከኔቫዳ በ1 ሰዓት ትቀድማለች። አሪዞና ደግሞ ሰዓት ስለማትቀይር ሰመር ላይ ስልካችሁ መንገድ ላይ ሊያምታታችሁ ይችላል። ከላስቬጋስ 4 ሰዓት ንጋት ላይ ተነስታችሁ «7 ሰዓት ሳይሞላ እንደርሳለን» ካላችሁ ፓርኩ ላይ ስትደርሱ 8 ሊሆን ምንም አልቀረውም፣ ያቺ 1 ሰዓት ደግሞ ፓርኪንግ በማግኘትና ባለማግኘት መካከል ያለች ልዩነት ናት። ለዚህ ነው ማታውኑ ደርሳችሁ እዛው እደሩ የምለው። ስፕሪንግዴል ሆቴል ውድ ነው፣ ከከበዳችሁ ላ ቨርኪን ወይም ሃሪኬን እደሩ፣ በመኪና ሩቅ አይደለም። ድንኳን ለምትወዱ ዋችማን ካምፕግራውንድ በሩ አጠገብ አለ፣ ቦታው ግን ከወራት በፊት ነው የሚያልቀው።

5ኛ፦ ፓርኪንግና ሻትል፣ ቀኑን የሚያበላሸውም የሚያቃናውም ይሄ ነው

ከማርች ገደማ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ የሸለቆው መንገድ ለግል መኪና ዝግ ነው፣ የሚገባው ሻትል ብቻ ነው (ሸለቆው ውስጥ ያለው ሆቴል፣ ሎጁ፣ ውስጥ አልጋ ከያዛችሁ ይፈቀድላችኋል)። ሻትሉ የተጀመረው በ2000 ነው፣ ነፃ ነው፣ ትኬትም ሪዘርቬሽንም የለውም። ሁለት መስመር አለ፣ አንዱ ስፕሪንግዴል ከተማ ውስጥ እየዞረ ሰው ሰብስቦ የፓርኩ የእግረኛ በር ጋ ያራግፋል፣ ሌላው ከቪዚተር ሴንተር ተነስቶ ሸለቆው ውስጥ ገብቶ 9 ፌርማታ ላይ ይቆማል።

ቪዚተር ሴንተሩ ጋ ያለው ፓርኪንግ ሰው በሚበዛበት ሰሞን ከ8 ሰዓት በፊት ሊሞላ ይችላል። የመጀመሪያው ሻትል እንደ ወቅቱ 6 ወይም 7 ሰዓት ላይ ነው የሚነሳው፣ እናንተ ከሱ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ እዛ ሁኑ። ከብዷችሁ ከዘገያችሁ ደግሞ በሩ ጋ ሄዳችሁ ፓርኪንግ ፍለጋ አትዙሩ፣ ጊዜ ማባከን ነው፣ ስፕሪንግዴል ውስጥ ከፍላችሁ አቁሙና በከተማው ሻትል ግቡ። ሆቴላችሁ ስፕሪንግዴል ከሆነማ መኪናውን ጨርሶ አታንቀሳቅሱት።

ሻትል ላይ ስትወጡ የት እንደምትወርዱ አስቀድማችሁ ወስኑ። ኤንጅልስ ላንዲንግ ወይም ስካውት ከሆነ 6ኛው ፌርማታ፣ ዘ ግሮቶ። ኤመራልድ ፑልስ የሚባሉት ኩሬዎች ከሆኑ 5ኛው፣ ሎጁ ጋ። ዘ ናሮውስ ከሆነ መጨረሻው 9ኛው፣ ቴምፕል ኦፍ ሲናዋቫ። እዛ ለመድረስ ከ40 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፣ ስለዚ ሽንት ቤት ገብታችሁ፣ ውሃ ሞልታችሁ ውጡ። የሚበላ ነገር የሚሸጠው ሎጁ ጋ ብቻ ነው፣ ምሳችሁን ቋጥራችሁ ብትገቡ ይሻላል።

ሌላ አማራጭ ሳይክል ነው፣ እኔ በጣም እመክረዋለሁ። መንገዱ ለመኪና ዝግ ስለሆነ ያለምንም ግርግር ትሄዳላችሁ፣ ኤሌክትሪክ ሳይክል ስፕሪንግዴል ውስጥ የሚያከራዩ ሱቆች አሉ፣ ሻትል ከኋላ ሲመጣ ዳር ይዛችሁ ቆማችሁ ማሳለፍ ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ። ሰዉ ሰልፍ ላይ ቆሞ እያለ እናንተ ንፋሱ እየነካችሁ ግድግዳውን ቀና ብላችሁ እያያችሁ ማለፍ የትም የማይገኝ ነገር ነው።

ማታ የመጨረሻው ሻትል ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠዋት ፎቶ አንሱት። ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ የለም ማለት ይቻላል፣ እሱ ካመለጣችሁ ደግሞ በጨለማ እስከ 9 ማይል በእግር መውጣት ሊሆን ነው።

6ኛ፦ በቀን አንድ ትልቅ ነገር ብቻ ምረጡ

ሁለቱንም፣ ናሮውስንም ኤንጅልስንም፣ በአንድ ቀን ልጨርስ የሚል ሰው ሁለቱንም በሩጫ ነው የሚያያቸው። ሁለት ቀን ካላችሁ አከፋፍሉት። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁና ወንዙ ክፍት ከሆነ እኔ ያለ ምንም ማመንታት ናሮውስን ነው የምለው።

ናሮውስ ማለት ትሬሉ ራሱ ወንዙ ነው። ከ9ኛው ፌርማታ ሪቨርሳይድ ዎክ በሚባል ጠፍጣፋ መንገድ 1 ማይል ያህል ትሄዳላችሁ፣ መንገዱ ሲያልቅ ውሃው ውስጥ ትገባላችሁ፣ ከዛ በኋላ አንዳንዴ ቁርጭምጭሚት አንዳንዴ ወገብ ድረስ እየገባችሁ ግድግዳው እየጠበበ እየጠበበ ይሄዳል። ዎል ስትሪት የሚሉት ክፍል ላይ ስትደርሱ ሰማዩ ከላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ነው የሚታየው። ከታች ወደ ላይ ለመሄድ ፐርሚት አያስፈልግም፣ እስከ ቢግ ስፕሪንግ ድረስ ይፈቀዳል፣ እሱ ደርሶ መልስ ወደ 9 ማይል ስለሆነ ሙሉ ቀን ነው፣ ግን ግዴታ እዛ መድረስ የለባችሁም፣ ደከመኝ ካላችሁ የትም ጋ ተመለሱ። አብዛኛው ሰው የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ላይ ተጫውቶ ይመለሳል፣ ስለዚ ትንሽ ከገፋችሁ ሰዉ እየሳሳ ነው የሚሄደው፣ በማለዳ ከገባችሁ ደግሞ ድንጋይ ላይ የሚጋጨውን ውሃ ብቻ የምትሰሙበት ጊዜ አለ።

ምን ትይዛላችሁ? ወንዙ ስር ያለው ድንጋይ ክብና አሙለጭላጭ ነው፣ ስለዚ በሸበጥ አትሞክሩት፣ ጠንከር ያለ ጫማና ረጅም ዱላ ያስፈልጋል። ስፕሪንግዴል ያሉ ሱቆች ጫማውን፣ ወፍራሙን የውሃ ካልሲና ዱላውን አንድ ላይ ያከራያሉ፣ ከዋዜማው ወስዳችሁ እደሩ። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ፀሐይም ብዙ አይገባም፣ ሰመር ላይ እንኳን ደረቅ ሹራብ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ያዙ። ስልካችሁንም እዛው ውስጥ ክተቱት። የወንዙን ውሃ አትጠጡ፣ ፊታችሁንም አትንከሩ፣ መርዝ የሚያመነጭ ሳያኖባክቴሪያ አለበት፣ ተራ ማጣሪያ አይመልሰውም። ልጆች ካሉ እጃቸውን አፋቸው ውስጥ እንዳይከቱ ተከታተሏቸው።

አሁን ወደ ጎርፉ። ይሄን ክፍል እባካችሁ ሳታነቡ አትለፉት። እናንተ ያላችሁበት ቦታ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ማይሎች ርቆ የዘነበ ዝናብ በደቂቃዎች ውስጥ ሸለቆውን ሊሞላው ይችላል፣ ምክንያቱም ዙሪያው ያለው ድንጋይ ውሃ አይመጥም፣ የዘነበው ሁሉ ተጠራቅሞ ወደ ጠባቡ ቦታ ነው የሚወርደው። በሴፕቴምበር 2015 እዛው ፓርክ ውስጥ ኪይሆል በሚባል ጠባብ ሸለቆ የገቡ 7 ሰዎች በአንድ ቀን በእንዲህ ዓይነት ጎርፍ ሞተዋል። ስለዚ በየቀኑ የሚወጣ የጎርፍ ግምት አለ፣ ጠዋት ቪዚተር ሴንተሩ ላይ ወይ ዌብሳይቱ ላይ እዩት፣ «አይጠበቅም» ከሚለው ጀምሮ «ይጠበቃል» እስከሚለው በ4 ደረጃ ነው የሚቀመጠው። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ፓርኩ ናሮውስን ይዘጋዋል፣ የወንዙ ፍሰት በሰከንድ ከ150 ኪዩቢክ ጫማ ሲያልፍም እንደዛው። ውስጥ ሆናችሁ ውሃው ድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ መውረድ ከጀመረ፣ ወይ ከላይ የሚያገሳ ድምፅ ከሰማችሁ፣ ዕቃ ለማንሳት እንኳን አትቁሙ፣ ባገኛችሁት ከፍ ያለ ቦታ ውጡና ውሃው እስኪጎድል እዛው ጠብቁ፣ ሮጬ አመልጠዋለሁ አይባልም።

አዛውንት ወይ በጋሪ የሚገፋ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ሪቨርሳይድ ዎክና ፓረስ ትሬል ለጥ ያሉ ናቸው፣ ፓረስ ላይ ሳይክልም ውሻም ይፈቀዳል (ውሻ የሚፈቀድበት ትሬል እሱ ነው፣ ሻትል ላይ ግን አይገባም)። ልጆች የጁኒየር ሬንጀር ደብተር ከቪዚተር ሴንተር ይውሰዱ፣ ሞልተው ሲመልሱ ባጅ ይሰጣቸዋል፣ ከዛ በኋላ ወፉንም ድንጋዩንም እያዩ የሚጠይቁት እነሱ ናቸው። ሽኮኮዎቹን ግን ማንም እንዳይመግብ፣ ያምራሉ ግን ይነክሳሉ።

7ኛ፦ ቀትር ላይ ሸለቆውን ልቀቁ

ከ11 ሰዓት በኋላ ሻትሉም ትሬሉም ይሞላል። ያኔ እናንተ መኪናችሁን ይዛችሁ በመንገድ 9 ወደ ምሥራቅ ውጡ፣ ይሄ መንገድ ሁልጊዜ ለግል መኪና ክፍት ነው። ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ ይወጣና ድንጋዩን ሰንጥቆ የተሠራ 1.1 ማይል ርዝመት ያለው ዋሻ ውስጥ ይገባል፣ በ1930 ነው ያለቀው፣ ግድግዳው ላይ በተቆረጡ መስኮቶች ብርሃኑ ብልጭ እያለ ያልፋል፣ መብራት አብሩ፣ ውስጥ መቆም ክልክል ነው። አርቪ (መኝታ ያለው ትልቅ መኪና) ይዛችሁ ከሆነ መጠኑን አስቀድማችሁ ለኩ፣ ዋሻው ጠባብ ስለሆነ ትልልቅ መኪኖች ከ2026 አጋማሽ ጀምሮ በዚህ መንገድ እንዳያልፉ ፓርኩ ወስኗል፣ የሚከለከለው ከፍታና ስፋት ዌብሳይቱ ላይ በዝርዝር አለ።

ከዋሻው እንደወጣችሁ ካንየን ኦቨርሉክ የሚባል አጭር ትሬል አለ፣ ደርሶ መልስ 1 ማይል ነው፣ ትንሽ ተራምዳችሁ ሸለቆውን ከላይ ታዩታላችሁ። ፓርኪንጉ ትንሽ ስለሆነ ሞልቶ ካገኛችሁት ዝም ብላችሁ ቀጥሉና ሌላ ቦታ እያቆማችሁ ያን ማዕበል የመሰለ ድንጋይ ላይ ተንሸራሸሩ፣ ትልልቅ ቀንድ ያላቸውን የዱር በጎችም ብዙ ጊዜ በዚህ በኩል ነው የምታዩት። ቼከርቦርድ ሜሳ የሚባለውን የተሸነታተረ የድንጋይ ተራራ ሳታዩ አትመለሱ።

ሌላው ማምለጫ ኮሎብ ካንየንስ ነው፣ የዛው ፓርክ ሰሜን ምዕራብ ጥግ ነው፣ ግን ከኢንተርስቴት 15 ኤክዚት 40 ላይ በራሱ በር ነው የሚገባው። ከስፕሪንግዴል ወደ 1 ሰዓት መንዳት ነው፣ የከፈላችሁት መግቢያ እዛም ይሠራል፣ ደረሰኙን አትጣሉ። 5 ማይል የምትሆን መንገድ ናት፣ ጫፏ ላይ ቲምበር ክሪክ ኦቨርሉክ የሚባል አጭር የእግር መንገድ አለ። ግድግዳዎቹ ከዋናው ሸለቆ ይበልጥ ይቀላሉ፣ ሰዉ ግን ከዛኛው ጋር አይወዳደርም። እውነቱን ለመናገር ቅዳሜና እሁድ ብቻ ጊዜ ላላቸው ሰዎች መጀመሪያ የምነግራቸው ይሄን ነው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ወደ ሸለቆው ተመለሱ፣ ያኔ ሰዉ እየወጣ ነው፣ ፓርኪንግም ይገኛል። በፓረስ ትሬል በእግራችሁ ወንዙን ይዛችሁ ሂዱ፣ ዋችማን የሚባለው ተራራ ያኔ ነው ቀይ የሚሆነው። ሰው ይሄን ፎቶ ለማንሳት የሚሰበሰብበት የመኪና ድልድይ አለ፣ እዛ ላይ መንገድ አትዝጉ፣ ከታች ከወንዙ ዳር ይሻላል።

በማግስቱ ወደ ብራይስ ካንየን የምትቀጥሉ ከሆነ በዛው በዋሻው በኩል ውጡ፣ 85 ማይል ገደማ ነው፣ 2 ሰዓት ያስኬዳል። ብራይስ ከፍታው በጣም ስለሚበልጥ ከዛየን ሙቀት ወጥታችሁ በአንድ ጊዜ ብርድ ታገኛላችሁ፣ ጃኬቱን ሻንጣ ስር አትቅበሩት።